በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ታሚልኛ

ጭብጨባው ዕድላዊትን አንገሸገሻት። እትፍ ልትል ምንም አልቀራት!

የታሚሎች የእሁድ ትምህርት ቤት ዓመታዊ በዓል ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ። የስምንት ዓመት ልጅ ረጅም የታሚልኛ ግጥም እንደ ውኃ አንበልብላ ዋንጫ ወሰደች። ከመድረክ ስትወርድ የአስተማሪው የኢላንጎ አያት እጇን ይዘው በታሚልኛ ስሟን ጠየቋት። ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ሺ ኢዝ ሻይ» ብላ እናቷ ሳቀች፤ ዓይን አፋር ናት ማለቷ ነው።

ከልጅቷ እጅ የወደቀውን ወረቀት ዕድላዊት አነሳችው። ግጥሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ጽሑፉ የኢላንጎ ነው!

ያን የእጅ ጽሑፍ እንዴት ትስተዋለች? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት እሱ ታሚልኛ፣ ከሰዓት እሷ አማርኛ ያስተምራሉ። መጀመሪያ ቀን ክብ ክብ ፊደሎቹን ከሰሌዳው ልታጠፋ ስትል በር ላይ ቆሞ አያት። ማጥፋቱን ትታ ከጎናቸው ሀሁ ጻፈች። በሳምንቱ ሀሁው አልጠፋም፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ደስ ይላል» ብሎ ጽፎላታል። ፍቅራቸው እንዲያ ጀመረ።

ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ያዘችው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ልጆቹ መድረክ ላይ ከተደናቀፉ ወላጆች ያስወጧቸዋል፣ ዕዱዬ። ስኩሉ ይዘጋል።»

«እና በቀቀን ታሠለጥናለህ? አስጠላኸኝ!»

ጥላው ሄደች።

ቤቷ ገብታ ተማሪዎቿ ለእንቁጣጣሽ የሚያነቡትን ንግግር አወጣች። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያውም በገዛ እጇ! ኤጭ! የራሷን ግንድ ትታ የሰው ጉድፍ ስታወጣ ኖራለች። ራሷን ጠላች። ወረቀቱን ቦጫጨቀችው።

በሚቀጥለው እሁድ ሰሌዳው ባዶ ነበር። የኢላንጎ ቴክስት ገባላት፦ «ከእንግዲህ በታሚልኛ ፊደል ብቻ ስላቸው ሌሎቹ ወጥተው አራት ልጅ ቀረኝ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ክፍሉን ለቀቀ። አመሻሽ ላይ እቤት አስተምራለሁ።»

ክፍለ ጊዜዋን እንደጨረሰች ወደ ቤቱ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች። ኢላንጎ በሩን ከፍቶ ቆመ።

«አሁንም አስጠላሻለሁ?»

«ወረቀቱ ነው ያስጠላኝ። የእኔም ቢሆን ያው ነበር፤ ቀደድኩት።»

ሳሎን ውስጥ አራቱ ልጆች አያቱን ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ ባለዋንጫዋ ናት። አያቱ ዕድላዊትን ቀና ብለው አዩና ያንኑ የስም ጥያቄ ጠየቋት። ዕድላዊት ዓይኗን አፈጠጠች። ልጅቷ ጠጋ ብላ መልሱን በጆሮዋ ነገረቻት።

«ኤን... ፔር... ዕድላዊት» አለች እየተንተባተበች።

አያቱ እጇን ስበው ከጎናቸው አስቀመጧት። ማንም አላጨበጨበም።