ከምሳ በኋላ የተነሳው ሞተር

ኦቦ ዋቅወያ ጋራዣቸው ውስጥ፣ በቀይዋ መኪናቸው እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት በግንቦት 1957 ዓ.ም. ነው። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የወገብ ሕመማቸውን ኪኒን ውጠው እዚያው ወንበር ላይ ያሸልባሉ፤ ኪኒኑ ደግሞ እንደ ድንጋይ ያስተኛል። በዚያ ቀን አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ፣ የጋራዡን በር ከውጭ ቀርቅሮ ሄደ። ሞተሩ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠራ፤ ጭሱ ገደላቸው።

መኪናዋ ጣሊያን ነቀምት ላይ ጥሎ የሄዳት ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት። ዋቅወያ በስልሳ ዓመታቸው ከዶሮ ቤት አውጥተው ከመካኒኩ ባቻ ጋር ስምንት ዓመት ሲጠግኗት ከተማው ስቆባቸዋል። ባትሪ ገና ስላልተገኘላት የምትነሳው ከፊት በሚሽከረከረው ብረት፣ በማኖቬላ ነው። «ይህን የሚችል ባቻ ብቻ ነው» ተባለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ዘመድ የሌለው ባቻ ታሰረ፤ ስቅላት ይጠብቀው ጀመር።

መርማሪው መቶ አለቃ መሸሻ ግን ነገሩ አልዋጥለት ብሎ በገነ። የሟቹ ሚስት አዴ ቀለሟ ባላቸው መኪናዋን ለባቻ መናዘዛቸውን ነገሩት። ለሌላው ሰው ይኸው በቂ ነበር፤ «ቶሎ ሊወርስ ነዋ» ይሉታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር የሚነግረው አጣ። የሟቹ የወንድም ልጅ መምህር ጃራ በዚያ ቀን ቤቱ ፈተና ሲያርም እንደዋለ ተናገረና ቃሉ ላይ በግራ አውራ ጣቱ አሻራ ፈረመ። የጣቢያው ጸሐፊ ሳቀ፤ መሸሻ ግን አልሳቀም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው፤ የባቻንም ካቴና አስፈታ።

«ማኖቬላውን ያዝና አሳየን» አለው።

ባቻ ያዘ። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጓል።

«ለምን አትጨብጠውም?»

«አንዳንዴ ወደኋላ ይመታል፣ ጌታዬ። የጨበጠ ሰው አውራ ጣቱ ይሰበራል። ኦቦ ዋቅወያ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህን ነው።»

መሸሻ ወደ ጃራ ዞረ። «መምህር፣ ቀብር ላይ ለቀስተኛውን ሁሉ በግራ እጅዎ ጨበጡ። ጣቢያ መጥተውም እንዳልተማረ ሰው በአሻራ ፈረሙ። ፈተና ሲያርም የዋለ እጅ ስሙን መጻፍ ለምን አቃተው? ሞተሩን ያስነሳው ማኖቬላ መያዝ የማያውቅ ሰው ነው። ቀኝ እጅዎን ከኪስ ያውጡት።»

እጁ ወጣ። አውራ ጣቱ አብጦ ጠቁሯል።

«ስምንት ዓመት በእሳቸው ሰበብ ተማሪ ሳይቀር ሳቀብኝ» አለ ጃራ። «ተጠግና ስታልቅ ደግሞ ባዕድ ይንዳት?»

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉ አዴ ቀለሟ፣ «ብትጠይቃቸው ይሰጡህ ነበር።»

ባቻ ተፈታ። መኪናዋ ግን ማስረጃ ናትና ፍርድ እስኪሰጥ ጣቢያው ግቢ መቆም አለባት። ያ ሁሉ ልፋት በወለጋ ዝናብ ሊዝግ ነው። መሸሻ ደንቡን ረገመ፤ ሊሽረው ግን አይችልም። ሌላ የሚነዳት ስለሌለ ባቻ ራሱ ቤንዚን ሞልቶ ነዳት፤ መቶ አለቃው ከጎኑ ተቀመጠ።

ጣቢያው ቅርብ ነበር። ባቻ ግን እንባው እየወረደ በገበያው በኩል ዞረ፤ ሲስቁ የኖሩት ሁሉ ቆመው አዩ። መሸሻ መንገድ ተሳስተሃል አላለውም።