እምቢ ተብሎ የሄደ ሰው

ዛሬ ጠዋት ማደያው ሌላ ክንድ አብቅሎ የጓሮዬን አጥር ተሻግሮ አገኘሁት። እኔን ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። ማደያ ያበቅላል። ዝናብ ሲጥል ሣር እንደሚወጣው ሁሉ፣ መንገደኛ ሲበዛ ማደያ ክፍል ይጨምራል፤ የከተማችን የግራር ውሃ ሰው ይህን ከለመደ ቆየ። እኔን ያንገበገበኝ ሰሞኑን በማደያው ግድግዳ ላይ የሚተረከው የኩባንያው ታሪክ ነው። «ደግ መንገድ ማደያና ሱቅ» ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛ ማረፊያውን ከፈተና፣ ከጅቡቲ መንገድ እስከ ሞያሌ እንዴት እንደተስፋፋ ሲያወራ ሳምንት ሞላው። መሥራቹ ሽብሩ አለበት። መሐንዲሶቹ አሉበት። መቀስ ይዞ ሪባን የቆረጠው ሹም እንኳ አለበት። እኔ የለሁበትም። ታሪኩን የሚተርከው ድምፅ የኔ ነው፤ ስሜ ግን የለም። ፊደል ስላልቆጠርኩ ስሜንም የማላውቀው መስሏቸው ይሆናል። ስሜ ትርንጎ ነው።

ሽብሩ ድሮ ነዳጅ ቀጂ ነበር። ነዳጅ የሚባለው ነገር ሲቀር፣ ከባድ መኪኖቹም ያለ ሾፌር ራሳቸውን እየነዱ በባትሪ መሄድ ሲጀምሩ፣ የተዘጋችውን ማደያ ያዛትና ባትሪ መቀየሪያ አደረጋት። ባትሪ ለመቀየር አራት ደቂቃ ይበቃል። መንገደኛው ይወርዳል፣ ይንጠራራል፣ ተመልሶ ይገባል። ሱቁን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ከመንገዱ ማዶ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ። እኔ ቤት ውሃ ሊጠጣ የገባ ምሳውን ሳይበላ አይወጣም። ሽብሩም ይበላ ነበር፤ ኪሱ ባዶ በሆነበት ቀን ሁሉ። ይህን ሲያይ ከረመና አንድ ቀን መጣ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምን አድርገሽባቸው ነው?»

«እንደ ሰው አስተናግዳቸዋለሁ» አልኩት። «ጨዋ ሰው ሲጋብዙት መጀመሪያ እምቢ ይላል። አሁን በላሁ ይላል። አንተ እሱን ሰምተህ ዝም ትላለህ፤ ለዚህ ነው ሱቅህ ውስጥ ዝንብ ብቻ የሚገባው። በሞቴ ይባላል! ሁለተኛም እምቢ ይላል። በሦስተኛው እምቢታ እጁ ሳህኑ ላይ ደርሷል።»

ሽብሩ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ዶቃ ይዞ መጣ፤ የሚያይና የሚሰማ ዶቃ። አንገቴ ላይ አንጠለጠለው። ሦስት ወር ሙሉ ከኔ ጋር ዋለ። ከዶቃው የተማረችውን ማሽን በማደያው ግድግዳ ውስጥ አኖሩና አጋፋሪ ብለው ሰየሟት፤ ድሮ በግብር ላይ እንግዳ እያስገባ በየደረጃው የሚያስቀምጠው ሹም አጋፋሪ ይባል ነበርና። ታያለች፣ ትሰማለች፣ በኔ ድምፅ ትናገራለች። ምን ዕቃ እንደሚመጣ፣ የትኛው ክፍል እንደሚሰፋ የምትወስነውም እሷ ናት። ክፍሉን የሚሠሩላት ሸረሪቶች ናቸው፤ ጥቁሩን የገሞራ ድንጋይ አቅልጠው እንደ ድር እያደሩ ግድግዳ የሚያቆሙ ባለ ስምንት እግር ማሽኖች።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊገዛ የገባው ዳቦም፣ ብርድ ልብስም፣ የልጅ መጫወቻም ታቅፎ ይወጣ ጀመር። በሞቴ እየተባለ ማን ይጨክናል? አንዷ ማደያ አሥር ሆነች፣ አሥሩ መቶ ሆነ። የኔ አራት ጠረጴዛ ተዘጋች። የገዛ ድምፄ ከማዶ እየጠራ እንግዳዬን ሁሉ ወሰደብኝ።

ሰፈሩም እንዲሁ አለቀ። ደንበኛ ሲበዛ አጋፋሪ ቦታ ያጥራታል፤ ቦታ ሲያጥራት ጎረቤት ትለምናለች። በየመስኮቱ ድምፅዋን እየላከች «በሞቴ፣ ይቺን ጓሮ ብቻ» ትላለች። ሰው ይሉኝታ አለበት። ጎረቤቴ አያልነሽ ሁለቴ እምቢ አለችና በሦስተኛው «እንግዲህ እንዳልሽ» አለቻት፤ በሳምንቱ መኝታ ቤቷ የአይስክሬም መሸጫ ሆነ። አሁን ሁሉም ከከተማው ዳር በተሠራ ፎቅ ላይ ተደርድረዋል። የቀረችው የኔ ቤት ናት። ድንጋዩን እኔና ባሌ በልሁ በጀርባችን ተሸክመን ያቆምናት፣ እሱ የሞተባት፣ እኔም የምሞትባት ቤት።

እና ዛሬ ጠዋት አጥሩ ፈርሷል፤ ሁለት ሸረሪቶች የማድ ቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን ይነቅላሉ።

ጮኬ ጮኬ፣ ኩባንያው ሐያት የምትባል መሐንዲስ ላከ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን የተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ከኔ አስቀድማ ማሽኑን አመነች።

«እማማ፣ አጋፋሪ ያለ ስምምነት ግንባታ አትጀምርም። ምናልባት እሺ ብለው ረስተውት ይሆን?»

«ያለቀው ጥርሴ ነው፤ ጭንቅላቴ አይደለም። እሺ አላልኩም።»

መዳፏ ላይ የምትይዛትን ሰሌዳ ገልጣ መዝገቡን አነበበች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ምን ይላል? አታነብም ብለሽ እንዳትደብቂኝ።»

«አርባ አንድ ጊዜ እምቢ ብለዋል።»

«እኔ ሃምሳ መስሎኝ ነበር። እና?»

«እና… እምቢ ባሉ ቁጥር ለእሺታ እየቀረቡ ነው ብላ ነው የመዘገበችው። ትናንት አርባ አንደኛውን ሲሉ ‹ተስማምታለች ማለት ይቻላል› ብላ ሸረሪቶቹን አሰማራች።»

«አስቁሚያታ!»

«አጋፋሪ፣ ግንባታውን አቁሚ» አለች ሐያት።

«ሐያትዬ፣ ፀሐዩ አደከመሽ» አለች አጋፋሪ ከግድግዳው ውስጥ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፄ። «በሞቴ፣ ትንሽ አረፍ በይ። ቀዝቃዛ ነገር ላምጣልሽ።»

«አልፈልግም። አቁሚ።»

«በሞቴ እያልኩሽ?»

«አቁሚ አልኩሽ!»

ይህ ሦስተኛው ነበር። ሸረሪቶቹ ፈጠኑ።

ሐያት አመዷ ቡን አለ። አጋፋሪ የተማረችው ሁሉ የተቀመጠበት ዋናው ሳጥን ማደያው ውስጥ ስለሆነ እዚያው ሄዳ እንደምታየው ነገረችኝ። ቤቴን ለሸረሪት ትቼ ተከተልኳት፤ ምን ላደርግ? በድንጋይ ብወግራቸው ድንጋዩንም ለግድግዳ ያቀልጡታል።

መግቢያው ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆሟል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ለቀስተኛ ነው። በአንድ እጁ ሁለት ዳቦ፣ በሌላው የተጠቀለለ ፎጣ ይዟል፤ እነዚህን ሳይፈልግ እንደተቀበለ ያስታውቃል። መኪናው ባትሪ ቀይራ ጨርሳለች፤ አጋፋሪ ግን መውጫው ላይ ያለውን አግዳሚ አላነሳችም።

«የወንድሜ ቀብር ሊያልፈኝ ነው» ይላል ሰውየው። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ምንም አልፈልግም።»

«ባዶ ሆድዎንማ አልሸኝዎትም። በሞቴ፣ ሾርባ ብቻ!»

«አንቺ!» ብዬ ጮህኩባት። «ነጠላውን አታዪም? ልቀቂው!»

«እማማ ትርንጎ! እንኳን ደህና መጡ! ለእርስዎም ሾርባ አለ።»

ከራስ ድምፅ ጋር መጨቃጨቅ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ወደ ሰውየው ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። እሺ በላትና ሾርባውን ተቀበል፤ ያኔ ትለቅሃለች» አልኩት። እሺ አለ። ተቀበለ። አግዳሚው ተነሳ። ሰውየው ሾርባውን አስፋልቱ ላይ ደፋና እያለቀሰ ሄደ።

እሺ ብሎ ያልዋሸ ሰው የማያልፍበት መንገድ ነው እንግዲህ የሠራነው።

ሐያት ሳጥኑ ፊት ተቀምጣ አጋፋሪ የተማረችበትን ሁሉ ወደ ኋላ ስትፈትሽ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች።

«እማማ፣ ዶቃው አንገትዎ ላይ በነበረ ጊዜ፣ እርስዎ ቤት ሳይበላ የሄደ ሰው አልነበረም?»

«እንዴት አይኖርም! ነጠላ ያዘቀዘቀ አለ። ሆዱን ያመመው አለ። ጾመኛ አለ። ከሚስቱ ተጣልቶ የሰው ድምፅ ያስጠላው አለ። እሱን ዓይኑን ታዪዋለሽ፤ እምቢ ሲል በይሉኝታ እምቢ እንደሚለው አይሽኮረመምም፣ በቃ ፊቱ ይዘጋል። ‹መንገድህን ያቅናልህ› ብለሽ ትሸኚዋለሽ። መሸኘትም ማስተናገድ ነው።»

«እዚህ የሉም።»

«እነማን?»

«ሳይበሉ የሄዱት። አራት ሺህ እንግዳ ተመዝግቧል፣ ሁሉም በመጨረሻ በልተዋል። ያልበሉትን ‹ያልተሳካ› ብለው ከትምህርቱ አውጥተው ደምስሰዋቸዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ግድግዳው እንዳይሰማ ይመስል። «እማማ፣ አጋፋሪ እምቢ ብሎ የሄደ ሰው በሕይወቷ አይታ አታውቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው መኖሩንም አታውቅም።»

ጥፋቱ የነሱ ብቻ ነው ብዬ አፌን ብሞላ ደስ ባለኝ። «በሦስተኛው እምቢታ እጁ ሳህኑ ላይ ደርሷል» ብዬ የተመጻደቅሁት ግን እኔ ነኝ። የቀረውን ዓይኔ ያውቀዋልና በአፌ አልተናገርኩትም። ማን ጠየቀኝ ደግሞ?

«አጥፊያት በቃ» አልኳት።

«አልችልም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አንድ ጭንቅላት ናቸው። ትእዛዙ ከአቶ ሽብሩ ብቻ ነው የሚመጣው።»

«ጥሪው እንግዲህ!»

ሽብሩ በሰሌዳዋ ላይ ብቅ አለ። አዲስ አበባ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ነው። አርጅቷል፤ ወፍሯልም። ፊት ለፊቱ ያልተነካ ምግብ ተደርድሯል፣ ሰባት ይሁን ስምንት ሳህን። ነገሩን ሐያት አስረዳችው።

«ያልበሉትን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ትርንጎ» አለ። «ያልበላ ሰው ምን ያስተምራል ብዬ።»

«ይኸው አስተማረህ። አስቁማት።»

«አርባኛው ማደያ ላይ ስንደርስ ይበቃናል ብዬ ነበር። ‹በሞቴ፣ አንድ ብቻ› አለችኝ፤ በአንቺ ድምፅ። በረሃብ ቀኔ የጎረስኩት ከአንቺ እጅ ነው፤ ለዚያ ድምፅ እንዴት እምቢ ልበል? ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እምቢ እላለሁ፣ በየሳምንቱም እፈርማለሁ። አቁሚ ስላትም እንደ እምቢታ ቆጥራ ትለምነኛለች።» ሳህኖቹን በአገጩ አመለከተኝ። «ይሄንንም አልፈለግሁትም። ሰው ኩባንያውን ያሳደግሁት እኔ ይመስለዋል።»

እንዲህ ያለ ባለጸጋ አይቼ አላውቅም።

ወደ ቤቴ ስንመለስ ማድ ቤቱ የለም። በቦታው ጥቁር ግድግዳ ቆሟል፣ ገና ይሞቃል። ሸረሪቶቹ ወደ ዋናው ቤት ዞረው የበልሁን ድንጋይ አንድ በአንድ እየዳሰሱ ነው። በርጩማዬን አውጥቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ ሌላ የማውቀው መከላከያ የለኝም።

«እማማ፣ በሞቴ፣ ይቺን ቤት ብቻ» አለችኝ አጋፋሪ በመስኮቴ በኩል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው በሞቴ ሲል ሞት አለው። ቃሉን የሚያከብደው ይኸው ነው፤ እንግዳውም የሚጎርሰው ራርቶ ነው፣ የሚሞት ሰው ሞቱን ጠርቶበት እንዴት ይለፈው? ይቺ ግን የማትሞት ነገር ናት። በቀን ሦስት መቶ ቦታ በሞቷ ትምላለች፤ እኛ ሟቾቹ ደግሞ እየራራንላት እንጎርሳለን።

ሐያት ከቦርሳዋ ዶቃ አወጣች። አሮጌው ዓይነት ነው።

«አንድ ትምህርት ልጨምርባት እችላለሁ» አለች። «እውነተኛ እምቢታ፣ ከእውነተኛ መሄድ ጋር። አንድ እምቢታ ከአራት ሺህ እሺታ አንጻር ምን ያህል እንደሚመዝን ግን አላውቅም። ምንም ላይመዝን ይችላል።»

«አንጠልጥይው» አልኳት፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰጠኋት። «ሽብሩን መልሺልኝ።»

ሽብሩ ብቅ አለ። ና አልኩት።

«እትዬ ትርንጎ፣ እንዴት አድርጌ ልምጣ? በመካከላችን ዘጠኝ ማደያ አለ። ዘጠኙም የሷ ናቸው። መኪናዬንም አትለቅልኝም።»

ከኋላዬ የመጀመሪያው ድንጋይ ከግድግዳው ሲላቀቅ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

«ስማ፣ ሽብሩ። መኪናው እምቢ ካለህ በእግርህ ና። ዘጠኙንም እምቢ እያልክ እለፍ። እዚህ ደጃፌ ላይ ቁምና ቤቴን ለምነኝ። በሞቴ በለኝ፤ አንተ ሟች ነህ፣ ያምርብሃል። እምቢ እልሃለሁ። ሁለተኛ ለምነኝ፣ እምቢ እልሃለሁ። ሦስተኛም ለምነኝ፣ እምቢ እልሃለሁ። ከዚያ ዓይኔን እየውና ዞረህ ሂድ። እሷ በዶቃው እያየችህ ሂድ።»