ስኳር ያልገባበት

የተገናኙት የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ፍቅር ሌላ ቦታ አጥቶ ነው ወይ የሚል ሰው ቢኖር መልሱ አዎ ነው፤ ሁለቱም ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ አንድ ቀን እየዘለሉ ይመጣሉ፣ ክንዳቸውን ለማሽን ይሰጣሉ፣ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ደማቸው በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ታጥቦ በሌላው ይመለሳል። እሷ ኬክ ቤት ጋጋሪ ናት። እሱ ቁልፍ ሠሪ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡትም አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ ስለሞቱ ነው። ሲስተሯ አንሶላውን ቀየረችና «አንተ እዚህ ና» አለችው፣ አለቀ።

መጀመሪያ ያነጋገራት ስለ ሽታዋ ነበር።

«ቫኒላ ቫኒላ ትሸቻለሽ» አላት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተቆጥታ እንዳይመስላችሁ፤ ሳቋ መጥቶባት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ መድኃኒትና ስለ ደም ግፊት እንጂ ስለሷ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አላለቀም። ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጥማት ነው፤ ውሃ በልክ ነው የሚፈቀድላቸው። እሱ ሠርጋችን ላይ እንግዳው በብርጭቆ ይጠጣል፣ እኛ በማንኪያ እንጎነጫለን እያለ ይቀልዳል። ማን ሊያገባህ ትለዋለች። ያያታል፣ እሷም ዓይኗን ቱቦው ላይ ትተክላለች። ማሽን ሲጮህ በሽተኛ ሁሉ ቀድሞ የሚያየው የራሱን ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን አንዱ የሌላውን ማየት ጀመሩ። ሲስተሯ የነቃችባቸው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። የእነዚህ ሰዎች ምግብ ከሌላው ሰው ምግብ የተገለበጠ ነው። ሰው ሁሉ ጤና ነው የሚለው ተምር፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ ሙዝ ለነሱ ክልክል ነው። ውስጡ ፖታሺየም የሚባል ነገር አለ። ደህና ኩላሊት ያስወጣዋል፤ የነሱ አያስወጣም፤ ደም ውስጥ ይከማችና ልብ ያቆማል። ሰው ሁሉ የሚረግመው ነጭ ዱቄትና ስኳር ግን፣ የስኳር በሽታ እስከሌለባቸው ድረስ፣ በልኩ ይፈቀድላቸዋል።

የመኸር በዓል ሲቃረብ ኬክ ጋጋሪዋ ለክፍሉ ሰዎች ጣፋጭ ለመሥራት ተነሣች። በዓል በመጣ ቁጥር ከዘመድ ሳህን ፊት እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ሰልችቷቸው ነበር። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ተቀቅሎ ውሃው የተደፋለት ፖም፣ የሎሚ ልጣጭ ብቻ። ወተትም ጨውም የለበትም። አውራ ጣት የምታክል ኬክ ለያንዳንዱ ደረሰው። ከታማሚዎቹ አንዱ፣ ጎልማሳ ሹፌር፣ ኬኩን ይዞ አለቀሰ። ቁልፍ ሠሪው ግማሹን በላና ግማሹን ለእናቱ ሊያሳይ በወረቀት ጠቀለለ።

ጥፋቱ ያ ነበር፣ ወይም የጥፋቱ መጀመሪያ። እናቱ ልጃቸው ከታመመ ወዲህ ስኳር የሚባል ነገር ከቤታቸው አውጥተዋል። ስልካቸው ላይ ያዩትን ምክር ሁሉ አምነው፣ ተምር ፈጭተው፣ ለውዝና ሰሊጥ ከዘቢብ ጋር ለውሰው ስኳር ያልገባበት ጣፋጭ ይሠሩለታል። እሱ ክልክል ነው ብሎ ነግሯቸው አያውቅም። ጠግቤያለሁ ይላል፣ ቆይ በኋላ ይላል።

«ንገራቸው እንጂ» አለችው ኬክ ጋጋሪዋ።

«ለኔ ብላ እኮ ነው ሻይዋን እንኳ ያለ ስኳር የምትጠጣው። እንዴት ብዬ?»

ኬኩን ሲያዩ ሴትየዋ ደማቸው ፈላ። ልጄን ነጭ መርዝ የምታበላ እሷ ናት ወይ አሉ። ሊያገባት እንደሚፈልግ ሲነግራቸው ደግሞ ባሰባቸው፤ ሁለት በሽተኛ ተጋብቶ ማን ማንን ሊያስታምም ነው አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። አንድ ልጅ ያላቸው፣ የፈሩ ሴት ናቸው።

እሷም ግትር ናት፣ እውነት ለመናገር። እናትም አባትም ሳይኖራት ከዘመድ ዘመድ እየተቀባበሏት ነው ያደገችው፤ ያልተፈለገች ሆና ሌላ ቤት መግባት አልቻለችም።

«እናትህ በእግራቸው መጥተው ካልጠየቁኝ አይሆንም» አለችው። «ከዚህ በኋላ የማንም እንግዳ አልሆንም።»

«ትመጣለች» አላት። «እኔ አመጣታለሁ።»

በበዓሉ ቀን ክፍሉ ስለሚዘጋ ተራቸው ወደ ማግስቱ ተገፋ። ሲስተሯ እየዞረች፣ ሳትታጠቡ የምትቆዩት ከወትሮው ረዘም ስለሚል ከምትበሉት ተጠንቀቁ ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ሲለያዩ እጇን ያዝ አደረገና ለቀቀው።

በበዓሉ ማግስት ስትመጣ ሲስተሯ የጎኗን ወንበር አንሶላ እየቀየረች ነበር።

ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ነው የተገኘው። ልቡ ነው። ሲስተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዲህ በአንድ ሌሊት ልብ የሚያቆም ፖታሺየም ነው አለቻት። አንድ ነገር በልቷል ማለት ነው። ኬክ ጋጋሪዋ ቀብር ሄዳ ከኋላ ቆመች፣ አላለቀሰችም። ተናዳ ነበር። ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ፣ ያ ሁሉ የሠርጋችን ወሬ፣ በአንድ ሳህን ተሸነፈ? ሆዳም፣ አለችው በልቧ። ሊጥ ስታሸም ሆዳም፣ ክንዷን ለመርፌ ስትዘረጋም ሆዳም። ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልነበራት ንዴቱን ያዘች።

ሴትየዋ ኬክ ቤቱ የመጡት ኀዘኑ ገና ሳይበርድ ነው። ጥቁር ለብሰው፣ ክዳን ያለው ሳህን ይዘው መደርደሪያው ጋ ቆሙ።

«እናቱ ነኝ» አሉ።

ወደ ጓዳ አስገብታ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም። በበዓሉ ቀን የሆነውን ቆመው ነገሯት። ጣፋጩን ሲያቀርቡለት እንደ ልማዱ ጠግቤያለሁ አላቸው። የሷን ትበላለህ፣ የኔን ትንቃለህ ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ፣ ብበላልሽ ሄደሽ ትጠይቂልኛለሽ ወይ አላቸው። እጠይቃለሁ አሉት። እሱም ቁጭ ብሎ እየደጋገመ በላ።

«የመጨረሻዎቹን እኔ አልለመንኩትም» አሉ። «ነገውኑ ትሄጃለሽ? አለኝ። አዎ ስለው ጨምሮ ጎረሰ። እየሳቀ ነበር ልጄ።»

ኬክ ጋጋሪዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሆዳም ስትለው የከረመችው ሰው የበላው ለሷ ነበር። በእግራቸው ይምጡ ያለችው እሷ፤ እነሆ መጡ።

«ሐኪሙ ልቡ ነው አለኝ። ልቡን እንደሚያመው እንኳ አላውቅም ነበር፣ አልነገረኝም» አሉ ሴትየዋ። «ብቻ ቃሌን መብላት አልቻልኩም። ለልጄ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። አሮጊቷ አበደች ብትዪም በዪ።»

ምድጃው ያጉረመርማል። ውጭ አንድ ደንበኛ ሰው የለም ወይ ብሎ ተጣራ።

«እሺ ብያለሁ» አለች። «ይንገሩልኝ፣ እሺ ብላለች ይበሉት።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። የሷ የመጀመሪያው ለቅሶ ነበር፣ ረጅምም ሆነ። ከዚያ ሴትየዋ ዓይናቸውን ጠርገው ሳህኑን ከፈቱት።

«የሱ ትራፊ ነው። ሌላ ሰው ሊበላው አልወደድኩም። ስኳር አልገባበትም፣ ተምርና ለውዝ ነው፤ አንቺም እንደሱ ታማሚ ነሽ፣ ጤና ይሆንሻል። ቅመሺልኝ።»

አየችው። ድቡልቡል፣ ሰሊጥ የለበሰ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። አልበላም ብትል ለምን ይሏታል፤ ለምኑን ስትነግራቸው ልጃቸውን በገዛ እጃቸው እንደገደሉት ነገረቻቸው ማለት ነው። ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፣ አልዋሽም። ይሄን ሸክም ብቻዬን ለምን እሸከማለሁ የሚል ነገር ምላሷ ላይ መጣ። ሴትየዋ ሳህኑን እንደዘረጉ ነበሩ።

ትናንት ደሟ ታጥቧል፣ አንድ አይገድላትም። አነሣችና በላች። በደንብ አላመጠች፣ ዋጠች። ይጣፍጣል። መጥፎ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ጣፈጠሽ?» አሉ ሴትየዋ፣ ፊት ፊቷን እያዩ።

«በጣም፣ እማዬ» አለች። «እጅዎ ይባረክ።»