ጥጉ የተቃጠለው ሥዕል

«ቆሮሶ ዓሣ አለ?»

«ቆሮሶ አልቋል። ያለው አምባዛ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። አምሐ ጀልባ ከሚታሰርበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እዚያ ሲጠብቀው የነበረው ባለ ኮፍያ ሰውዬ ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ገፋ አደረገለት።

«ነገ ከመኪናዋ መስታወት ላይ ትሰቅለዋለህ። ሌላ ሥራ የለብህም።»

«ጠባቂዎቹስ? መርፌ አያሳልፉም እኮ።»

«ሥዕል ነው፣ ወንድሜ። የትኛው ክርስቲያን ነው ሥዕል የሚፈትሸው? ተሳልመው ያሳልፉሃል።»

ሰውዬው ተነሥቶ ሄደ። አምሐ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ በነጭ ፈረሱ ላይ። ከታች፣ በዘንዶው ጅራት በኩል፣ ጥጉ በእሳት ተለብልቧል።

በጣቱ ዳሰሰው።

ይህን ጥግ ያውቀዋል።

ያቃጠለው ባምላክ ነው። በጊዮርጊስ ዋዜማ ጧፍ ለኩሶ ወሬ ሲሰልቅ እጁ ዘንበል አለበት። «ኧረ ጊዮርጊስ ይቅር በለኝ!» ብሎ ሲንቀጠቀጥ አምሐ በሳቅ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ባምላክ የእውነቱን ሞተ።

ባምላክም እንደ አምሐ ሰላይ ነበር። «ዳማ» የምትባለው አዲስ መኪና ገበያ ሳትወጣ እንድትጠፋ የሚፈልጉ የውጭ ተፎካካሪዎች ስላሉ፣ የሥለላ መሥሪያ ቤታቸው ሞካሪ ሾፌር አስመስሎ ፋብሪካው ውስጥ አስገባው። አንድ «አድናቂ» ይህን ሥዕል ሰጠው። ሰቀለው። ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ፍሬኑ እምቢ አለው። በኋላ ሲታይ ከሥዕሉ ጀርባ በስልክ እየታዘዘ ፍሬን የሚያስተኛ መሣሪያ ተለጥፎ ተገኘ። ሥዕሉን ከስብርባሪው ያወጣችው የሁለቱ አለቃ እሌኒ ናት። «በገዛ እጄ ካዝና ውስጥ ቆልፌበታለሁ» ብላ ነበር።

ታዲያ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ሥዕል ከጠላት እጅ እንዴት ወጣ?

የተገዛ ጎሚስታ መስሎ ጠላቶቹን እንዲጠጋ ያዘዘችውም እሌኒ ናት። አምሐ ስልኩን አነሣ።

«ደንገል ነኝ» አለ በምስጢር ስሙ። «ዕቃው ገባ።»

«ጎበዝ» አለች እሌኒ። «ነገ ስቀለው። የመሣሪያውን ሞገድ የእኛ ሰዎች ያፍኑታል። ስልኩን የሚነካውን ሰው እንይዛለን።»

«የባምላክ ሥዕልስ አሁንም ካዝናው ውስጥ ነው?»

 

«የት ይሄዳል? ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። ምነው?»

«ትዝ ብሎኝ ነው።»

«የሞተውን ተወውና ሥራህን ሥራ።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የባምላክ ጉድ ከዘንዶው ጅራት ሥር ነበር የተደበቀው።

ሹም አቦ ሰፈር ያለችው የአምሐ ጎሚስታ ቤት ያን ዕለት በመኪና ወዳጆች ማኅበር አባላት ተጨናንቃለች። ገሚሱ ብስክሌት እንኳ የለውም። የዳማ ነገር ከተነሣ ግን ምሳውን ይረሳል። ፎቶዋን ከስልክ ስልክ እየተቀባበሉ ሲሟገቱ የአምሐ የጎማ መንፊያ ያፏጫል። ባምላክም መሪ ሲይዝ ያፏጭ ነበር። ከሞተ ወዲህ አምሐ መንፊያውን በከፈተ ቁጥር ያ ፉጨት ይሰማዋል፤ ሲዘጋውም አንዳንዴ አይቆምም።

«የቤተሰብ መኪና ናት ይሏታል» አለ አንዱ። «ዓይኗን እዩት እስኪ! ይህቺ ቤተሰብ ትበትናለች እንጂ!»

«ዝም በል አንተ፣ ቅናት ነው!» አለ መልካሙ። «ልጆችህን ከኋላ ጭና እንደ ፈረስ ትጋልባለች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

መልካሙ የኮሌጅ መምህርና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ነገ ዳማን በሕዝብ ፊት መጀመሪያ የመንዳቱ ዕጣ ለእሱ ወጥቷል፤ ሚስቱ እና ሁለት ሴት ልጆቹ አብረውት ይሳፈራሉ። አምሐ ለሥለላ ብሎ ነበር የተወዳጀው። ውሎ አድሮ ግን ወዳጅነቱ የምር ሆነ፤ የመልካሙ ልጆች «ጋሼ» እያሉ ሲጠመጠሙበት እውነተኛ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ደስ ይለዋል።

መልካሙ ከመደርደሪያው ላይ ነጠላውን አየና ገለጠው።

«ጊዮርጊስን አመጣህላት? አምሐ፣ አንተ እኮ ሰው ነህ! ተባረክልኝ!»

አምሐ ሥዕሉን ተቀበለውና መልሶ በነጠላው ሸፈነው።

ሥዕሉን ቢደብቀው ከጠላት ጋር ያበረችው እሌኒ ሌላ መንገድ ታገኛለች፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሾፌር። ልክሰሳት ቢል ቃሉ ከቃሏ ይጋጫል። መያዝ ያለባት ስልኩን ስትነካ ነው። ስትነካው ደግሞ ልጆቹ መኪናዋ ውስጥ መሆን የለባቸውም።

ሰዎቹ ሲበተኑ አዲስ አበባ ደወለ። ቁጥሩ የጭንቅ ቀን ብቻ የሚደወልበት ነው፤ የእሌኒ አለቃ የአቶ አለበል።

«ነገ መኪናዋ ስትነሣ የእሌኒን እጅ ያስጠብቁ።»

«ምን ነካህ አንተ?»

«የባምላክ ሥዕል እኔ ጋ ነው። ካዝናውን ያስከፍቱ፣ ባዶ ነው።»

ሽማግሌው በራቸውን ሲዘጉ ተሰማው።

«መኪናዋን ማን ይነዳታል?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

በማግስቱ የሐይቁ ዳር መንገድ ለዳማ ተዘግቶ ሕዝቡ በዘንባባዎቹ ሥር ተኮለኮለ። ጠባቂው የአምሐን ቀበቶ ሳይቀር አስፈታው። ነጠላውን ሲገልጥ ግን ባርኔጣውን አወለቀ። በግንባሩ ተሳለመና «እለፍ፣ አባቴ» አለው።

አምሐ ሥዕሉን ሰቀለው። መሸፈኛው ሲነሣ እልልታው ቀለጠ። የመልካሙ ትንሿ ልጅ የኋላውን በር እጀታ አንቃ ይዛለች።

«ቁልፉን ስጠኝ። ጥቂት ላንቀሳቅሳትና ጎማዋን ልይልህ» አለ አምሐ።

መልካሙ ሳያመነታ ሰጠው።

«ነይ ሚጡዬ፣ ልቀቂ» አላት ልጅቱን፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጀታው አላቀቀ። ገባ።

ቆለፈ።

«አምሐ? ኧረ አምሐ!»

ዳማ ተፈተለከች። በመስታወቱ መልካሙ ሲሮጥ ታየው፤ ከዚያ ራሱን ይዞ ቆመ። «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት እስከ ሩቅ ተከተለው። መኪናዋ እንዴት ያለች ነበረች! በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ይጮህ ነበር።

ስልኩ ጠራ። እሌኒ ናት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ባምላክ ሰላም ብሎሻል። ጥጉን ያቃጠለው እኔ ፊት ነው።»

  ስልኩን ዘጋችበት።

ፍሬኑን ረገጠ።

ባዶ።

ደግሞ ረገጠ።

ምንም።

ኩርባው እየመጣ ነው። ከጎኑ ካለው ባዶ ወንበር ፉጨቱን ሰማ፤ ያንኑ ዜማ። «ትንሽ ቆየኝ፣ ወንድሜ» አለ አምሐ። መሪውን ወደ ሐይቁ ጠመዘዘ። ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል እየተሰበረ ተቀበለው፤ ቀጥሎ ውኃው ገባ።

ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። አቶ አለበል ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ከነስልኩ ያዝናት። እዚህ ያሉትን ግብረ አበሮቿንም ለቅመናል።»

«ሥዕሉን ለምን ለእነሱ መለሰችው? ለምን አልጣለችውም?»

«ጠየቅኋት። ‹ሥዕል እንዴት ይጣላል? ይቀሥፈኛል ብዬ ፈራሁ› አለች። እነሱም መሣሪያውን ከሥዕሉ ለመላጥ ፈርተው እንዳለ ላኩት።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ለመግደል ግን አልፈሩም፣ አየህ።»

«መልካሙስ?»

«መኪና የሰረቀው ጎሚስታ ሐይቅ ገብቶ ሞተ ብሎ ያምናል። ይመን። የውጭዎቹ አዛዦች ገና አልተያዙም፤ አንተ በሕይወት መኖርህን ካወቁ እሱንም ልጆቹንም መበቀያ ያደርጓቸዋል።»

አምሐ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ በሌላ ስም፣ በሌላ ሥራ፣ በባሕር ዳር በኩል አለፈ። ጢም አሳድጓል፤ ግራ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶታል። ከግሽ አባይ ሰፈር ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ሲሄድ አንዲት ዳማ አጠገባቸው ደርሳ ቀደመቻቸው።

«አየሃት? የመምህር መልካሙ ናት!» አለ ባለ ባጃጁ። «መጀመሪያ ሊነዳት የነበረውን ዳማ አንድ ጎሚስታ ሰርቆ ሐይቅ ከተታት። ፋብሪካው ሌላ ሰጠው። እንጀራውን አብሮት ሲበላ የኖረ ወዳጁ ነበር አሉ! ያውም ሥዕል ሰቅሎባት፣ አይ ድፍረት!»

አምሐ አንገቱን አሰገገ። ከዳማ መስታወት ላይ ምንም አልተሰቀለም። ትንሿ ልጅ በኋላው መስኮት ወደ ባጃጁ እጇን አውለበለበች፤ ልጆች ለማያውቁት ሰው እንደሚያደርጉት። አምሐ ቀኝ እጁን አነሣና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ነፍሱን አይማረው!» አለ ባለ ባጃጁ። «አሜን በል እንጂ።»

«አሜን» አለ አምሐ።

መናኸሪያው በር ላይ ወርዶ ወደ ሰው መሃል ገባ። ከኋላው አንድ ሰው ያንኑ ዜማ እያፏጨ ይከተለዋል። ዞሮ አላየም።