ዋንዛው የጠጣው ውሃ

«ቶሎ ክደኚው፤ ካልተከደነ ሽታው ይበናል!» አለች መምህርት ፀሐይ፣ ከዋንዛው ግንድ ሰርስራ ያወጣችውን ቀጭን እንጨት ጠርሙስ ውስጥ እየጨመረች።

ሥርጉት ጠርሙሱን ተቀበለች። ከሳይንስ ክበቡ ልጆች መሀል «እኔ አግዛለሁ» ያለችው ራሷ ናት። አፍ ሲቀድም እንዲህ ነው። የሚመረመረው የእማማ ዐዚዛ ግቢ መሆኑን መች አወቀች?

የእማማ ዐዚዛ የጉድጓድ ውሃ ቤንዚን ቤንዚን ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ግማሹ ሰፈር ጀሪካኑን ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጋራዥ ደግሞ የአባቷ የአቶ ደምሴ ነው። የሞተር ዕቃ ያጠቡበትን ቤንዚን ጓሮ ሲደፉ ሥርጉት በዓይኗ አይታለች። «መሬት ይውጠዋል» ይሏታል። መሬት ግን የዋጠችውን ሁሉ አትፈጭም።

«ዛፍም እንደ ሰው ደም ይሰጥ ጀመር? ሱብሐነላህ!» አሉ እማማ ዐዚዛ ከደጃፋቸው።

«ሥሩ የጠጣው ግንዱ ውስጥ ይገኛል፣ እማማ። ቤንዚኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ ዛፎቹ ያሳዩናል» አለች ፀሐይ።

«ያሳዩና! የሚደፋውን ሰው ያገኘሁት ቀን፣ ወላሂ፣ ያንኑ ውሃ ነው የማስጠጣው!»

ፀሐይ ሳቀች። ሥርጉት አልሳቀችም። «ተበላን» አለች በሆዷ። ጋራዡ ከተዘጋ ቤታቸው ምን ሊቀመስ ነው? ፀሐይ መሰርሰሪያዋን ለመጥረግ ዞር ስትል፣ ሥርጉት የጠርሙሱን ክዳን ሳታጠብቅ እንዲያው ደረብ አደረገችው። ማንም አላያትም።

«አንቺ የደምሴ ልጅ፣ ምነው ከንፈርሽ ደረቀ? እንቺ፣ ጠጪ!» እማማ ዐዚዛ የታሸገ ውሃ ዘረጉላት።

«እርስዎስ?»

«የሱቁ ለእንግዳ ነው። እኔማ የጉድጓዴን ለምጄዋለሁ። አፍንጫዬን ይዤ ነው የምጠጣው። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ሊቀርብኝ!»

ሥርጉት ውሃውን እንደያዘች ቀረች። አልቀመሰችውም።

«ምነው፣ ናቅሽኝ እንዴ?»

«ኧረ እማማ!»

እንጨቱ ያለበትን ጠርሙስ ይዛ ወደ ፀሐይ ሄደች።

«ቲቸር፣ ይሄኛው አይሆንም። ክዳኑን ሆን ብዬ ነው ያላላሁት።»

ፀሐይ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያም መሰርሰሪያዋን አነሳች። «በየት በኩል እንብሳው?»

ሥርጉት ዋንዛውን ዞረች። ከአጥሩ ወዲያ የአባቷ መዶሻ ብረት ይቀጠቅጣል። እጇን ወደ ጋራዡ በዞረው የግንዱ ጎን ላይ አሳረፈች።

«በዚህ በኩል» አለች።