ቤት ሊያዩ የመጡት

ዓርብ ጠዋት ሙሐመድዘይን ለሚስቱ የነገራት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ ሰዎች ይመጣሉ፣ ከጨፋ ሮቢት ናቸው፣ ቤቱ ይጽዳ።

«ስንት ናቸው?» አለችው ዙቤይዳ።

«ሦስት ሽማግሌና አንድ ወጣት።»

ዙቤይዳ ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ያላገባች ልጅ ላላት እናት፣ ሦስት ሽማግሌና አንድ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አይሻም። ድሮ ወጣቱ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም ነበር። የዛሬ ልጅ ግን በዓይኑ ሳያይ አይስማማም ብላ ለራሷ መልስ ሰጠችና ልጇን ልትጠራ ተጣደፈች።

ፈይሩዝ ተቆጣች። «እኔን ሳትጠይቁኝ?» አለች። እየተቆጣችም ግን ሻሽ ትመርጥ ነበር። ከሚሴ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ዘንድሮ የእኩዮቿ ልጆች አንደኛ ክፍል ገብተው እሷኑ «ቲቸር» ማለት ጀምረዋል። ተስፋ አድርጋ እንደሆነ ብትጠየቅ ወላሂ አላደረግኩም ባለች ነበር። የዒድ ቀሚሷን የለበሰችው ግን ማንም ሳያስገድዳት ነው። ዓይኗንም ተኳለች።

እንግዶቹ ሲገቡ በመጋረጃው ስንጥቅ አየቻቸው። ወጣቱ ከሁሉም ኋላ ነበር፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ጎን ለጎን ያስተካከለ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት። ልቧ ደንገጥ አለ፤ ደስም አላት። ይህንን ደስታዋን ኋላ ስታስታውሰው ነው ፊቷ የሚግለው።

ሻይና ሳምቡሳ በትሪ ይዛ ገባች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ግን ጥግ ላይ ተንበርክኮ የቤቱን ቋሚ ሥሩን በምስማር ይወጋል። ግድግዳው ላይ ክር ተንጠልጥሏል፤ በክሩ ጫፍ የግንበኛ ቱንቢ ይወዛወዛል።

«አጎቴ፣ ይሄን ቋሚ ምስጥ በልቶታል» አለ ወጣቱ። «ግድግዳውም ወደ ጓሮ አዘንብሏል።»

«ያረጀ ቤት ነው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አጎቱ ሐጂ አብዱልጀሊል። «ዋጋውን በእርጅናው ልክ እንነጋገራለን።»

ፈይሩዝ ትሪውን አስቀመጠች። አባቷን አየችው፤ ዓይኑን ሰበረ። ያኔ ሁሉም ገባት። የአያቷ ቤት ነው፤ የአባቷ ወንድምና እህቶች ድርሻችንን ካሉት ሰንብተዋል። ሙሐመድዘይን የአባቱን ቤት ማቆየት እንዳቃተው ለሚስቱ መናገር አፍሮ፣ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ልንገራት ብሎ ደብቋል። ከመጋረጃው ኋላ ለእልልታ የተዘጋጀችው ዙቤይዳ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

ወጣቱ ዞር ሲል ኩሏን አየ፣ የዒድ ቀሚሷን አየ። ተነሥቶ ቆመና ምስማሩን እንደ ሌባ ከጀርባው ደበቀው። ፈይሩዝ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች።

«ኸይረዲን እባላለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ጓዳውን ብታሳዪኝ…»

አባቷ በጭንቅላቱ እሺ አለ። እናቷ ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። ጓዳው ባለፈው ወር አዲስ ተመርጓል፤ ኸይረዲን መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይገባል?»

ይገባል። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከወለሉ ይመነጫል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ይርሳል፤ የጓሮው ግድግዳ ሁለት ጊዜ ፈርሶ አባቷ ጠግኖታል።

«ጠብታ አይገባም» አለች ፈይሩዝ።

ለዋጋው ብላ አይደለም፤ ዋጋው ትዝም አላላት። የተሞኘሁት እኔ ብቻ ልሁን እንዴ ብላ ነው፤ እሱም በተራው ይሞኝ። ኸይረዲን አያት፣ ምስማሩን ኪሱ ከተተ።

«ያንቺ ቃል ይበቃኛል» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በማግስቱ ግቢውን ሊለካ መጣ። እሁድ ጠዋት ደግሞ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሊያይ። ፈይሩዝ አልወጣም ብላ ነበር፤ ሁለቱንም ቀን ሜትሩን ይዛለት ተገኘች። ስለ ተማሪዎቿ ጠየቃት። አንዱ ልጅ የቤት ሥራውን ላም በላችብኝ እንዳላት ስትነግረው ከመሰላሉ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ አንድ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነው። ያንን ጥርስ ወደደችው።

«አጎቴ ቤቱን ለልጆቹ ነው የሚገዛው፤ እዚህ እንዲማሩ» አላት ሜትሩን እየጠቀለለ። «እኔ መልካም ነው ካልኩት አይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። እስከ ዛሬ በቤት አሳፍሬው አላውቅም።»

ፈይሩዝ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ምነው?»

«ምንም» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉት ይሄ ነው።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ፤ የግንቦት ዝናብ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ። ፈይሩዝ ጓዳ ገብታ ወለሉን አየችው። ገና አልራሰም። የሐጂን ልጆች ግን አሰበች፤ ነሐሴ ላይ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሲወጡ፣ ኸይረዲን በአጎቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቆም። ውሉ ሰኞ ጠዋት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ እዚያ አጠገብ ሱቅ እንደሚገነባ ነግሯታል።

እጁ በሲሚንቶ ተለውሶ አገኘችው።

«ዋሽቼሃለሁ» አለችው ሳትቀመጥ። «ውሃ ይገባል። በየክረምቱ።»

ኸይረዲን የግንበኛ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ለምን?»

«አፍሬ ነው።»

«ከምን?»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ብላ፣ ባጃጁን ትታ በእግሯ፣ በጭቃ ተመለሰች። አውፍ ብያለሁ አላላትም።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ፈይሩዝና እናቷ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው። ሐጂ አብዱልጀሊል ብዕር ሲቀበሉ ኸይረዲን እጃቸውን ያዘ።

«አጎቴ፣ ቆይ። ጓዳው ውሃ ያስገባል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ በደንብ አላየሁትም።»

«ምን?» ሐጂ ብዕሩን ጣሉት። «አንተን አምኜ አይደል ይሄን ሁሉ ሰው የሰበሰብኩት? ግንበኛ ተብለህ የጓዳ ግድግዳ ማየት ያቅትሃል? በሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ?»

ኸይረዲን አንገቱን ደፋ። ስሟን አላነሣም። ሐጂ ሲቆጡ እሱ ዝም፣ ደግመው ሲቆጡ እሱ ዝም። ፈይሩዝ ይህን መቻል አቃታት። እናቷ ክንዷን ብትይዛትም አስለቅቃ ወጣች።

«እሱ አልተሳሳተም» አለች። «ጠይቆኝ ነበር። ውሃ አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሙሐመድዘይን ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ሐጂ አብዱልጀሊል ግን ቁጣቸው በረድ አለ፤ ትክ ብለው አዩዋት።

«ማሊፍ፣ ልጄ? ለምን ዋሸሽ? አባትሽ አዞሽ ነው?»

ፈይሩዝ አባቷን አየች። ዝም ብትል ውሸቱ በእሱ ሊላከክ ነው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!» አለች ዙቤይዳ ከመጋረጃው ኋላ። «እኔ ነኝ ያሳፈርኳት…»

«ተይ እማ» አለች ፈይሩዝ። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አባቴ አያውቅም። ዓርብ ለታ ስትመጡ… ለእኔ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር። ለቤቱ መሆኑን ሳውቅ አፈርኩ፣ ተናደድኩ። ስለዚህ ዋሸሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ሊስል ብሎ ተወው። ፈይሩዝ ጆሮዋ ድረስ እሳት ሆና ወደ ጓሮ ወጣች።

የግቢውን አጥር ይዛ ቆመች። ከአጥሩ ማዶ የጨፋ ማሳ ለዘር ታርሶ ጥቁር ብሎ ተኝቷል። ነገ ከሚሴ ሁሉ ይሰማል። ተማሪዎቿም ይሰማሉ። ከውስጥ የሐጂ ድምፅ ተሰማ፤ «ሙሐመድዘይን፣ ፎጣውን አንሣ። እውነቱን ካወቅን ከነውሃው እንዋዋላለን፤ ግን ቀንስልኝ» ይላሉ። ቀጥሎ የእግር ኮቴ መጣ። አልዞረችም።

«ፈይሩዝ።»

«ሂድልኝ። ፊትህን ማየት አልችልም።»

«እኔም ያንቺን ማየት አፍሬ ነው የከረምኩት» አለ ኸይረዲን። «ያን ቀን ተኩለሽ፣ ትሪ ይዘሽ ስትገቢ ወዲያው ነው የገባኝ። ምነው የመጣሁት ለእሷ በሆነ አልኩ። ተንበርክኬ ምስጥ እየፈለግኩ ተገኘሁ እንጂ! ግድግዳውንም ሳልፈትሽ የቀረሁት፣ ቃልሽን ተጠራጥሬ በድጋሚ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

ፈይሩዝ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ መሃል እንባዋ መጣ።

«አጎቴን ሽማግሌ አድርጌ እልካለሁ፤ ኢንሻአላህ የፊታችን ዓርብ።»

«አይሆንም» አለች።

ኸይረዲን ደነገጠ።

«ሽማግሌ ሲመጣ አይቼ፣ ለእኔ ነው ብዬ ገምቼ ሁለተኛ የዒድ ቀሚስ አልለብስም» አለችና ዞረች። «የምትፈልገው እኔን ከሆነ እኔኑ ጠይቀኝ። በጆሮዬ ልስማው። ሽማግሌው ከዚያ ይደርሳል።»

ኸይረዲን ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። በሩ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው አባቷ፣ በመስኮቱ እናቷ። ጉሮሮውን ጠረገ። የተሸረፈውን ጥርሱን ሊሸፍን ያነሣውን እጁን መልሶ አወረደው።

«ፈይሩዝ» አለ፤ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለችው። እሷም ጮክ ብላ ነው፤ አላፈረችም።