ከአምስቱ ፊደላት ውጪ

የጋዜጣው የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ አዘጋጅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ከኋላ ተመትቷል፤ የነሐሱ የወረቀት መጫኛ አጠገቡ ወድቋል። ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «ጌታው ንቀት» ይሉት ነበር። ሬሳውን ያገኘችው አራሚ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠርታው ዝም ሲላት፣ ልማዱ ነው ብላ ልትመለስ ነበር።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ አጭር ሴት ናት። ገለባ አታሳልፍምና ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል።

ዋና አዘጋጁ ሳይጠራ መጣ። ከረባቱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ዓይነት ሰው ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በሠራተኛው ፊት ከከረጢት አምስት ፊደል አወጣለሁ። እሱ በእነዚያ የሚሠሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ይፈልጋል። ዛሬም ፊደላቱን ራሴ ወሰድኩለት። እንደ ወጉ ሰድቦ አስወጣኝ። አራት ተኩል ላይ ቦርድ ስብሰባ ገባሁ፤ እስከ ሰባት አልወጣሁም።»

«ከዚያስ?»

«ፖሊሶቹ እንደነገሩኝ ኮምፒውተሩ ላይ የዛሬው ዝርዝር አለ። ሃያ አራት ቃል! ቢያንስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበር። ከዚያ በኋላ አጠገቡ የነበረችው ደግሞ አራሚዋ ብቻ ናት።»

«ጨዋታውን እርስዎም ይጫወቱታል?»

«ከቁርሴ ጋር! አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችውና አመስግና ሸኘችው።

አራሚዋ ዓይኗ አብጧል። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ይለኝ ነበር» አለች። «ጠልቼዋለሁ። ግን እጄን አላነሳሁበትም። ልታስሩኝ ነው አይደል?»

«ዝርዝሩን አይተሽዋል?»

«ፖሊስ ክፍሉን ዘግቶታል፤ ማን ያሳየኛል?»

የሟች ሚስት ደግሞ አላለቀሰችም። «ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መድኃኒቱን ይዤ መጥቼ አንኳኳሁ። አልከፈተም። ሃያ ዓመት ያልከፈተልኝ በር ዛሬ ምን ብሎ ይከፈታል ብዬ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ተመልሳ የሟቹን መሳቢያ ፈተሸች። ከዚያ የጋዜጣውን የቆዩ ቅጾች አስመጥታ የጨዋታውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም በዋና አዘጋጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸውና ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠች።

«የዛሬዎቹ ፊደላት ኤም፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ እና አር ናቸው። በጨዋታው ሕግ ሁለት ሁለት ቃል ጻፉልኝ።»

«ሰው ሞቶ ጨዋታ?» አለ ዋና አዘጋጁ።

«ከቁርስዎ ጋር የሚሠሩት አይደል እንዴ!»

ጻፉ። አራሚዋ «ቲም» (ቡድን) እና «ሚት» (ሥጋ) የሚሉትን፣ ሚስትም «ቲም» እና «ሬት» (ተመን) የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል አሰፈሩ። ዋና አዘጋጁ በሰፊው «ማርኬት» እና «ማስተር» ብሎ ጽፎ እስክሪብቶውን ጣለ።

አራሚዋ አንገቷን አስግጋ አየችው። «ጋሼ፣ ማርኬት እኮ ኬ አለበት! ማስተርም ኤስ!»

«ታዲያ አምስቱም ፊደላት ውስጡ አሉ አይደል?»

«አሉ» አለች መርማሪዋ። «ግን ሕጉ ከዓምዱ ሥር በየቀኑ ይታተማል፤ ከተሰጡት ውጪ አንዲት ፊደል አይጨመርም። ሟቹ ያወጣው ሕግ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዝርዝር ግን ማርኬት፣ አፓርትመንት፣ ዲፓርትመንት እያለ ሃያ አራቱም ባዕድ ፊደል የያዙ ናቸው። እሱ አንዱንም አይጽፍም። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

«ማንም ሊሆን ይችላል!»

«አራሚዋ ጨዋታውን በየቀኑ የምታርመው ናት፤ ሕጉን ታውቃለች። ሚስቱም እንደምታውቀው አሁን አየን። ፊደላት ሲሰጡት እነሱን በውስጣቸው የያዙ ቃላትን ሁሉ የሚዘረግፍ ድረ ገጽ አለ። ከስልክ ላይ አይቶ ለመገልበጥ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የአንድ ሰዓት ሥራ የተባለው ያ ነው። ሰውዬው በአራት ሰዓት ሞቷል፤ በሩም ሲንኳኳ ዝም ያለው ለዚያ ነው። ፊደላቱን ይዞለት የገባው ማን ነበር?»

ዋና አዘጋጁ ከረባቱን ነካካ።

«መሳቢያው ውስጥ» ቀጠለች፣ «እርስዎ የተሸለሙበት ጽሑፍ ከአንድ የውጭ ጋዜጣ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ አገኘሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተገለበጠ ነው። ሟቹ ይህንኑ የሚያጋልጥ ደብዳቤም ለዛሬው ቦርድ ጽፏል። ስልክዎን ወዲህ ይበሉ።»

ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፍለጋው አልተሰረዘም፤ ለዚያ እንኳ አልተጨነቀም።

«ጊዜ ስጠኝ፣ ሽልማቱን ልመልስ ብዬ ለመንኩት» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ 'ፊደላቱን አስቀምጥና ውጣ' አለኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ያሳተሙትን አንድ መስመር አንብበው ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ዛሬ እኔ ይህችን ልጅ አስሬ እሄድ ነበር።»

ይዘውት ሲወጡ ሠራተኛው ሁሉ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየው፤ ማንም አልተነሳለትም። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ አራሚዋ ዞረ።

«የነገውን ዜና... ማን ነው የሚጽፈው?»

«ማንም ይጻፈው፣ ጋሼ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «የማርመው እኔ ነኝ።»